ማኅበር ያለበት ፋብሪካ ውድ ነው ወይስ ርካሽ?

በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ ለመከራየት የሚያስብ ባለሀብት የኪራይ፣ የመብራት፣ የትራንስፖርትና የደመወዝ ወጪውን አስቀድሞ ይደምራል። ከሒሳቡ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሠራተኛው በማኅበር ቢደራጅ ምን እንደሚያስወጣ፣ ባይደራጅስ ምን እንደሚያስከፍል ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ10 ያላነሱ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። አሠሪው ሠራተኛውን ግባ ወይም ውጣ ብሎ ማስገደድ አይችልም፤ አባልነትም ለስንብት ምክንያት አይሆንም።

ለሠራተኛው

አዋጁ የደመወዝን ወለል ራሱ አልወሰነም፤ ጉዳዩን ለደመወዝ ቦርድ ትቶታል። በመሆኑም የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ ደመወዟን የምታሻሽልበት ዋነኛ መንገድ የኅብረት ስምምነት ነው። ብቻዋን ስትጠይቅ በሌላ ልትተካ ትችላለች፤ በማኅበር ስትጠይቅ ግን ጥያቄው የድርድር አጀንዳ ይሆናል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። መዋጮው ከትንሽ ደመወዝ ላይ ይቀነሳል። አመራሩ ደካማ ወይም ለአሠሪው ያደላ ከሆነ የተከፈለው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። አድማ በተመታ ቀን ደግሞ የቤት ኪራይና የአስቤዛ ወጪ አይቆምም።

ለባለሀብቱ

የማኅበር መሪዎች ለድርድር፣ ለሥራ ክርክርና ለስብሰባ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ያገኛሉ። የኅብረት ስምምነት ደግሞ በውስጡ በሌላ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር 3 ዓመት ሳይሞላው ሊነካ አይችልም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአሜሪካው የአጎዋ ገበያ ስትወጣ እንደታየው፣ ትእዛዝ ድንገት ሲቀንስ የተቆረጠ ደመወዝ ሸክም ነው። ሆኖም ከባድ የኢኮኖሚ ለውጥ ከመጣ ስምምነቱ ከጊዜው በፊት እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል።

በሌላ በኩል ሕጋዊ አድማ ድንገት አይመጣም። ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት፤ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያም ይሰጥበታል። ኮንቴይነር ጅቡቲ የሚያደርስበት ቀን ለተቆረጠለት ላኪ 10 ቀን ለመደራደር ጊዜ ይሰጠዋል። ማኅበር በሌለበት ግን ቅሬታው የሚሰማው ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው፤ አሠሪውም ከማን ጋር እንደሚነጋገር አያውቅም።

ቅሬታ ሁልጊዜ በአድማ አይገለጽም፤ ሠራተኛው ዝም ብሎ ሊለቅም ይችላል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር እንደነበረ፣ ፋብሪካዎችም በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ እንደነበር አመልክቷል። ደመወዙ ርካሽ ቢሆንም አዲስ ሠራተኛ ደጋግሞ ማሠልጠን፣ የተበላሸ ጨርቅና የዘገየ ትእዛዝ ዋጋ አላቸው።

ማኅበር በራሱ ትርፍ አያመጣም፤ ገዢው ለአንድ ሸሚዝ የሚከፍለውን ዋጋም አይጨምርም። የሚያደርገው ድንገተኛን ኪሳራ አስቀድሞ ወደሚታወቅ ወጪ መለወጥ ነው። ስለዚህ ድርሻ የሚገዛ፣ ጨርቅ በዱቤ የሚያቀርብ ወይም ትእዛዝ የሚያከፋፍል ነጋዴ ከሒሳብ መዝገቡ ጎን ሦስት ጥያቄ ቢያቀርብ ይጠቀማል፦ ማኅበር አለ? የኅብረት ስምምነቱ መቼ ያበቃል? ባለፈው ዓመት ስንት ሠራተኛ ለቀቀ?