ዎኪንግ ትራክተር

ዎኪንግ ትራክተር (ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ወይም የእጅ ትራክተር) ነጂው ከኋላው እየተራመደ በሁለት ረጃጅም እጀታዎች የሚመራው አነስተኛ የእርሻ መኪና ነው። ብቻውን ሞተር፣ ካምቢዮና ሁለት ጎማ ነው፤ ሥራ የሚሠራው ማረሻ፣ መከስከሻ፣ መዝሪያ፣ ተጎታች ጋሪ ወይም የውሃ ፓምፕ ሲገጠምለት ነው። ስለዚህ ጥቅሙም ጉዳቱም በአብዛኛው የሚወሰነው የተገጠመለት መሣሪያ በትክክል በመስተካከሉና መሬቱ በሚፈቅደው መንገድ በመነዳቱ ነው። ይህ በተለይ እንደ ምዕራብ ሐረርጌ ባሉ ተራራማ አካባቢዎች ጎልቶ ይታያል።

አካላቱና አሠራሩ

በብዛት የሚታወቀው ዓይነት አንድ ሲሊንደር ያለው በናፍጣ የሚሠራ ሞተር አለው፤ ጉልበቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ነው። ሞተሩ ከፊት ስለሚቀመጥ ከኋላ ለሚንጠለጠለው ማረሻ ሚዛን ይጠብቃል። የሞተሩ ኃይል በቺንጋ (ቀበቶ) ወደ ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ወደ ካምቢዮ፣ በመጨረሻም ወደ ሁለቱ ጎማዎች ይተላለፋል። ብዙዎቹ የሚነሡት በማኖቬላ ነው።

መሪ የለውም። በእያንዳንዱ እጀታ ሥር አንድ ማንሻ አለ። ነጂው የግራውን ማንሻ ሲጨብጥ የግራው ጎማ ከሞተሩ ኃይል ይለያያል፤ የቀኙ ጎማ እየገፋ ስለሚቀጥል መኪናው ወደ ግራ ይታጠፋል። የቀኙም እንዲሁ ነው። ይህ በሜዳ ላይ ቀላል ነው፤ በቁልቁለት ላይ ግን ከዚህ በታች እንደሚገለጸው ተቃራኒ ውጤት ያስከትላል።

ሞተሩ የሚሠራበት ከፍታም ጉልበቱን ይለውጠዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ ምክንያቱም አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ለቃጠሎ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጭሮ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ወደ 10 ይወርዳል ማለት ነው። በሜዳ በአንድ ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር የሚያርስ ማረሻ በደጋው ላይ ጥልቀቱ መቀነስ የሚኖርበት ለዚህ ነው።

ታሪክ

በሞተር የሚሽከረከር መከስከሻን ተግባራዊ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ አውስትራሊያዊው አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ ነው፤ ሙከራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 በአባቱ እርሻ ላይ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አነስተኛ የእጅ ትራክተሮች በጃፓን፣ ቀጥሎም በቻይናና በሌሎች የእስያ አገሮች ተስፋፉ፤ የገበሬው ማሳ ጠባብ በሆነባቸው ቦታዎች ከትልቁ ትራክተር ይልቅ ተስማሚ ነበሩ።

በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1988 የደረሰው ከባድ ጎርፍ ብዙ የእርሻ ከብቶችን ፈጀ። መንግሥት በማሽን ማስገባት ላይ የነበሩ ገደቦችን ሲያላላ የቻይና ዎኪንግ ትራክተሮች በብዛት ገቡ፤ አብዛኛው ገበሬ ማሽኑን ሳይገዛ ከጎረቤቱ ተከራይቶ ማሳረስ ጀመረ።

በኢትዮጵያ ፋካሲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ፕሮጀክት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርን ከአነስተኛ ገበሬዎች አሠራር ጋር ለማስማማት ሙከራ አካሂዷል። ፕሮጀክቱን የመራው ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ሲሆን፣ በአውስትራሊያ ድጋፍ ከኢትዮጵያ በተጨማሪ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ተሠርቷል።

የምዕራብ ሐረርጌ መሬት

ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን በጨርጨር ተራሮች መካከል ትገኛለች። ሒርና፣ በደሳ፣ ገለምሶና መቻራ የዚሁ ዞን ከተሞች ናቸው። በዞኑ ደጋማና ወይና ደጋማ ክፍል ማሽላ፣ በቆሎ፣ ቡናና ጫት በጠባብ ማሳዎች ይመረታሉ፤ ማሳዎቹም በብዛት በድንጋይ እርከን የተከፈሉ ናቸው። በምኤሶና በአሰቦት በኩል ያለው ቆላ ደግሞ ሜዳማ ነው።

በሌላው የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ሥራው የበሬ ሲሆን፣ በሐረርጌ ተራሮች ግን ዶንጎራ የሚባለው የእጅ መቆፈሪያ ትልቅ ቦታ አለው። አንዱ ምክንያት መሬቱ ገደላማና ጠባብ መሆኑ ነው። ሌላው በሬው ራሱ ነው። የሐረር ሰንጋ በመላው አገሪቱ የታወቀ ሲሆን፣ ገበሬው በሬውን አስሮ በማሽላና በበቆሎ አገዳ እየቀለበ ለገበያ ያደልበዋል። የሚያርስ በሬ ይከሳል፤ የከሳ በሬ ደግሞ ዋጋ አያወጣም። በሬውን ከማረስ የሚያሳርፍ ማሽን ለገበሬው ሁለት ጥቅም የሚኖረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሆኖም ማሽኑ በሁሉም ቦታ አይገባም። በምኤሶ ሜዳ ወይም በሸለቆ ውስጥ ባለ ለጥ ያለ ማሳ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። በሰፊ እርከን ላይና ስፋቱ በሚፈቅድበት የጫት ረድፍ መካከልም ሊሠራ ይችላል። እርከኑ ማሽኑ የሚዞርበት ቦታ ከሌለው ወይም የድንጋዩን ካብ የሚያፈርስ ከሆነ ግን ዶንጎራው የተሻለ መሣሪያ ሆኖ ይቀጥላል።

ማረሻውን መግጠም

በሬ የሚጎትተው የአገራችን ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ስለዚህ ማሳው ተደጋግሞ ይታረሳል። ለዎኪንግ ትራክተር የሚገጠመው ግን በብዛት ገልባጭ ማረሻ ነው። አፈሩን የሚቆርጥ ስለት፣ የተቆረጠውን ወደ ቀኝ የሚገለብጥ ጠማማ ብረትና ማረሻው ወደ ጎን እንዳይሸሽ ከትልሙ ግድግዳ ጋር የሚደገፍ የጎን ብረት አለው። አገጣጠሙ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል፦

1. ማሽኑ ለጥ ባለ ቦታ ይቆማል፤ ሞተሩ ይጠፋል። መከስከሻ ተገጥሞ ከሆነ ሁለት ሰው ሆኖ ይፈታል።
2. የማረሻው ማያያዣ ከካምቢዮው በስተኋላ ካለው መጎተቻ ጋር በፒን ይያያዛል፤ ፒኑ በኮፒሊያ ይቆለፋል። በኮፒሊያ ፈንታ ሚስማር ወይም ሽቦ ማስገባት አደገኛ ነው፤ ሽቦው ሲበጠስ ማረሻው ከማሽኑ ይላቀቃል፣ እጀታውም ወደ ላይ ይነሣል።
3. በሥራ ጊዜ የቀኙ ጎማ ቀደም ብሎ በታረሰው ትልም ውስጥ ይሄዳል። ያንን ለማስመሰል ከግራው ጎማ ሥር የሚፈለገውን ጥልቀት ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ይደረጋል፤ ለምሳሌ ለ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 15 ሳንቲ ሜትር እንጨት።
4. ማሽኑ እንዲህ እንደተዘመመ ማረሻው ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ታቹም ከመሬቱ ጋር እንዲስተካከል በማስተካከያው ብሎን ይታሰራል።
5. ሃያ ሜትር ያህል ታርሶ ይሞከራል። የስለቱ ጫፍ ከልክ በላይ ወደ ታች ካዘነበለ ማረሻው እየሰመጠ ሞተሩን ያጠፋል፤ ወደ ላይ ከቀና ደግሞ መሬቱን እየቧጠጠ ያልፋል። ከሙከራው በኋላ ዳዶዎቹ ሁሉ እንደገና ይጠብቃሉ።

ጎማው በእርጥብ አፈር ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ጥርስ ያለው የብረት ጎማ ይገጠማል ወይም ጎማው ላይ ክብደት ይጨመራል። ያም ካልበቃ ጥልቀቱ ይቀነሳል።

በተዳፋት ላይ

ተዳፋት የሚታረሰው ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ተራራውን አግድም በመከተል ነው። ወደ ታች የተሳበ ትልም በመጀመሪያው ዝናብ የውሃ መውረጃ ይሆንና አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ማረሻው አፈሩን ወደ ቀኝ የሚገለብጥ ከሆነ፣ ነጂው ሽቅብ ያለውን ጎን በቀኙ አድርጎ ከላይ ወደ ታች በየተራ ይወርዳል። በዚህ አካሄድ አፈሩ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ የላይኛው ጎማም በትልሙ ውስጥ ስለሚሄድ ማሽኑ ተስተካክሎ ይቆማል። ሲመለስ ግን አፈሩ ወደ ታች እንዳይገለበጥ ማረሻው ተነሥቶ በባዶ መመለስ አለበት።

ትልቁ አደጋ በቁልቁለት ይመጣል። ማሽኑ ቁልቁል ሲወርድ ጎማዎቹን የሚይዛቸው የሞተሩ እግድ ነው። ነጂው ወደ ግራ ለመታጠፍ እንደለመደው የግራውን ማንሻ ቢጨብጥ የግራው ጎማ ከእግዱ ነጻ ወጥቶ ይፈጥናል፣ ማሽኑም ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በድንጋይ ካብ ወይም በገደል አፍ ላይ ይህ ስሕተት ነጂውንም ማሽኑንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ዝቅተኛ ማርሽ ይገባል፤ በመውረድ ላይ ሳሉ ማርሽ አይቀየርም፣ ዋናው ፍሪሲዮንም አይለቀቅም። ማሽኑ በማንሻ ሳይሆን እጀታውን በመግፋት ይመራል። ማንሻ መጠቀም ግድ ከሆነ መታጠፍ ከሚፈለገው ተቃራኒ ያለው ይጨበጣል።

ጋሪ ሲጎተት አደጋው ይጨምራል፤ ጭነቱ ማሽኑን ከኋላ ይገፋዋል። ከምኤሶ ወደ ጭሮ የሚወጣውን ዓይነት ረጅም ዳገት በጭነት መውረድ፣ ጋሪው የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ መደረግ የሌለበት ነገር ነው።

እንክብካቤ

በየቀኑ ከሥራ በፊት የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ የማቀዝቀዣ ውሃ፣ የጎማ ነፋስና የቡሎኖች ጥብቀት ይታያሉ። ብዙዎቹ ሞተሮች ራዲያተር ስለሌላቸው የሚቀዘቅዙት ክፍት በሆነ ማጠራቀሚያ ውስጥ በሚፈላ ውሃ ነው፤ ውሃው እየተነነ ያልቃል። ውሃው አልቆ ሞተሩ ሲግል ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር የሲሊንደሩን ክዳን ሊሰነጥቀው ይችላል። መጀመሪያ ሞተሩ እንዲበርድ ይጠበቃል።

በደረቅ ወቅት የሞተር ቀንደኛ ጠላት አቧራ ነው። በዴፑራቶሪው (የአየር ማጣሪያው) ታች ያለው ዘይት ሲጠቁርና ጭቃ ሲይዝ ይታጠባል፣ ዘይቱም ይለወጣል። ይህ ካልተደረገ አቧራው ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ፒስተንና ቀለበቶቹን ይበላል። የሞተር ዘይት አብዛኛውን ጊዜ በየ100 የሥራ ሰዓቱ ይለወጣል፤ አዲስ ሞተር ግን ቀደም ብሎ ይለወጥለታል። ቺንጋው መካከሉ በጣት ሲጫኑት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ መርገብ አለበት። ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል፤ በጣም ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይጎዳል።

የማረሻው ስለት በድንጋያማ መሬት ቶሎ ያልቃል። የዶለዶመ ስለት መሬት አልገባ ስለሚል ሞተሩ የበለጠ ናፍጣ ይበላል። ስለቱ በብየዳ ሊሞላ ይችላል፤ ብረት ቀጥቃጭም ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ምትክ ሊሠራለት ይችላል። የማረስ ወቅት ሲያበቃ ገልባጩ ብረት ታጥቦ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ ውሃው ከሞተሩ ይፈሳል፤ ማኖቬላው ሞተሩ ሲጠነክር እስኪሰማ ድረስ ዞሮ ይተዋል። በዚህ ሁኔታ ሁለቱም ቫልቮች ስለሚዘጉ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም።

ጥገናና ኪራይ

አንድ ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር በወፍጮ ቤትና በውሃ ፓምፕ ላይ የሚታወቅ በመሆኑ፣ ወፍጮ የሚጠግን ሜካኒክ የዚህንም ማሽን ሞተር ለማወቅ አይቸገርም። አዲስ የሚሆንበት የካምቢዮውና የማንሻዎቹ አሠራር ነው። የሞተሩ ዕድሜ የሚወሰነው ቺንጋ፣ ፓራዮሊና ማጣሪያ በቅርብ ከተማ በመገኘታቸው ነው፤ በማረሻ ወቅት አንድ ቺንጋ ፍለጋ የጠፋ ሳምንት በዝናብ ላይ ለተመሠረተ ገበሬ የዘር ጊዜውን ሊያሳልፍበት ይችላል።

ማሽኑ ለአንድ ጠባብ ማሳ ብቻ ከተገዛ ዋጋውን አይመልስም። ስለዚህ በብዙ አገሮች አንድ ሰው ወይም ማኅበር ገዝቶ ለጎረቤቶች በክፍያ ያርሳል፣ ከማረስ ወቅት ውጭ ደግሞ ውሃ ይስባል ወይም በሜዳ መንገድ ጭነት ያመላልሳል። ማሽኑን የሚያከራይ ሰው በየተራ ለሚረከበው ነጂ ሁሉ ከማርሹ አስቀድሞ የቁልቁለቱን አነዳድ ማስተማር ይኖርበታል።