ያለ ውል የሚገበያዩ ኮምፒዩተሮች

«ዋጋ 400» የሚል ወረቀት ቢደርስዎ መጀመሪያ የሚጠይቁት «በምን?» ብለው ነው። ቡና አገር ቤት በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ በብር ይጠራል፤ ኒውዮርክ ላይ ደግሞ በፓውንድ ክብደት፣ በአሜሪካ ሳንቲም። ሁለት ነጋዴዎች ስልክ ተደዋውለው ይግባባሉ። ሁለት ኮምፒዩተሮች ግን አይጠያየቁም። የደረሰው ማሽን 400ን ተቀብሎ ይደምራል።

የሶፍትዌር ባለሙያዎች ለዚህ ችግር መላ ካበጁለት ቆይተዋል። አይ ዲ ኤል ይሉታል፤ የሚላላኩ ፕሮግራሞች የሚፈራረሙት ውል ነው ማለት ይቻላል። ይህ ሙሉ ቁጥር ነው፣ ይህ ጽሑፍ ነው፣ ይህ ባይሞላም ይታለፋል እየተባለ አስቀድሞ ይጻፋል። ከውሉም ለላኪና ለተቀባይ የሚሆን ኮድ በማሽን ይወጣል። ከውሉ ውጪ የሆነ ዳታ በር ላይ ይመለሳል።

ታዲያ ገበያው ለምን በሰፊው አልወሰደውም? መሞከሩስ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው ኦብጀክት ማኔጅመንት ግሩፕ የተባለው የኩባንያዎች ማኅበር በ1991 ኮርባ የተሰኘውን ደንብ ከነቋንቋው አወጣ። ብዙ የተወራለት ኮርባ በ2018 ከጃቫ 11 ተለቅሞ ወጣ። ፌስቡክ በ2007 ስሪፍትን፣ ጉግል በ2008 ፕሮቶኮል በፈርስን ለሕዝብ ለቀቁ። እነዚህ በአንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ በሚገባ ይሠራሉ፤ አዛዡ አንድ ነውና። ከግቢው ሲወጣ ግን ፋይሉ ብዙ ጊዜ መልሶ ኤክሴል፣ ሲ ኤስ ቪ ወይም ጄሰን ይሆናል።

ነገሩ የሂሳብ ነው። ውሉን የሚያረቀውና አንድ መስመር በተጨመረ ቁጥር የሚያድሰው ላኪው ነው፤ ከስህተት የሚድነው ግን ተቀባዩ ነው። ያለ ኮሚሽን የሚደክም ደላላ የት አለ? ሲ ኤስ ቪን ግን ማንኛዋም ጸሐፊ ከፍታ በዓይኗ ታነበዋለች፤ የተበላሸ ቢኖር ስልክ ትደውላለች።

በዚያ ላይ ውሉ ዓይነቱን እንጂ ትርጉሙን አይነግርም። ጥር 10 ቀን 2016 የተቆረጠ ደረሰኝ «10/05/2016» ተብሎ ቢላክ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራው ማሽን በፈረንጆቹ ሜይ 10 ነው ብሎ፣ ወደ ስምንት ዓመት ግድም ወደኋላ ይመዘግበዋል። ቀን ነው ተባለ፣ ቀን መጣ፤ ውሉ አልፈረሰም። እ.ኤ.አ. በ1999 የናሳ የማርስ መንኮራኩር የጠፋችው አንዱ ወገን ቁጥሩን በእንግሊዝ መለኪያ ሲልክ ሌላው በሜትሪክ ስለጠበቀ ነበር። መንኮራኩሯ 125 ሚሊዮን ዶላር ታወጣ ነበር። «ቁጥር ነው» የሚል ውል ብቻውን አያድናትም ነበር።

የሠራበት ቦታ የለም ማለት ግን አይደለም። አይ ኤስ ኦ 20022 የተባለው የባንኮች የመልእክት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ስዊፍት የድንበር ተሻጋሪ ክፍያዎችን ወደዚህ ደንብ ማሸጋገር የጀመረው በመጋቢት 2023 ሲሆን፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ ያበቃው በኅዳር 2025 ነበር። ሃያ አንድ ዓመት፣ ያውም ቀን ቆርጦ የሚያስገድድ አካል ባለበት።