የጨርቅ ዳይፐር፦ ለወንድ ሕፃን እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይታጠባል?

አንድ ሕፃን በቀን ስድስት ጊዜ ዳይፐር ቢቀየርለት በሁለት ዓመት ውስጥ 4,380 ዳይፐር ይጠቀማል። አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን አሥርና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ስለሚችል ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ይህን ቁጥር በአንዱ ዳይፐር ዋጋ አባዝቶ የተመለከተ ወላጅ ወደ ጨርቅ ቢያማትር አይገርምም። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገች ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገቡ ሸቀጦች በቤተሰብ በጀት ላይ ያላቸው ጫና በርትቷል።

ጨርቅ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ዛሬ ልጅ ከሚያሳድጉት ብዙዎቹ ራሳቸው ያደጉት በአቡጀዲ ቁራጭ፣ ባረጀ ነጠላና በመርፌ ቁልፍ ነው። በኬንያና በታንዛንያ ያረጀ ካንጋ ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጥቷል። አሁን የተለወጠው መልኩ ነው። በቁልፎች የሚጠብና የሚሰፋ፣ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ያለው፣ በቀለማት ያጌጠ ምርት ሆኖ በየሱቁና በማኅበራዊ ሚዲያ ይሸጣል። ሻጮች ስለ ቁጠባውና ስለ ውበቱ ብዙ ይላሉ፤ ስለ እጥበቱ የሚሉት ጥቂት ነው። ይሁንና ጨርቁ ለልጁም ሆነ ለቤቱ ይበጅ እንደሆነ የሚወስነው በአብዛኛው በማጠቢያው ሳፋ ዙሪያ የሚሆነው ነገር ነው።

የትኛው ዓይነት?

በገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች በስም ይብዙ እንጂ በአሠራር ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ጠፍጣፋ ጨርቅ ሲሆን፣ ወላጅ በእጁ አጣጥፎ ልጁን ያለብሰውና ከላይ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ይደርብበታል። ሁለተኛው ባለ ኪስ የሚባለው ነው፤ ሽንት የሚመጥ ጨርቅ በኪሱ ውስጥ እየተሰገሰገ ይለበሳል፣ ሲታጠብ ይወጣል። ሦስተኛው ሽፋኑና መጣጩ አንድ ላይ የተሰፉበት ነው። ለማልበስ ከሁሉም የቀለለው እርሱ ነው፤ ለማጠብና ለማድረቅ ግን ከሁሉም ይከብዳል።

ልብስ በእጅ በሚታጠብበትና ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ጠፍጣፋው ጨርቅ ከሌሎቹ ይበልጣል። ሲዘረጋ ስስ ስለሆነ ሳሙናው ቶሎ ይለቀዋል፣ በአንድ ከሰዓት ፀሐይ ይደርቃል፣ በድስት ሊቀቀል ይችላል፣ ካውያም አይጎዳውም። ሽፋኑ በዓይነ ምድር ካልተበላሸ በየጊዜው መታጠብ አያስፈልገውም፤ ጠረግ አድርጎና አናፍሶ ደግሞ መጠቀም ይቻላል። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሽፋኖች ከውስጥ በኩል በስስ የፖሊዩሬታን ንጣፍ የተለበጡ ናቸው። ይህ ንጣፍ የፈላ ውሃንና ካውያን አይችልም፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ደግሞ የሚጠገንበት መንገድ የለም።

ለመጣጩ ጥጥ አስተማማኝ ምርጫ ነው። ከቀርከሃ የሚሠራው ጨርቅ ከጥጥ የበለጠ ሽንት ይይዛል፤ ለመድረቅ ግን ይዘገያል። ማይክሮፋይበር የሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሽንትን በፍጥነት ይስባል፤ ሲጫኑት ግን የያዘውን መልሶ ይለቃል። የቆዳን እርጥበትም ስለሚመጥ ከልጁ ገላ ጋር በቀጥታ መነካካት የለበትም። አዲስ የጥጥ ጨርቅ የተፈጥሮ ቅባት ስላለው አራት አምስት ጊዜ እስኪታጠብ ድረስ በደንብ አይመጥም። በመጀመሪያው ቀን “ያፈሳል” ተብሎ የሚወቀሰው ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ይኸው ነው።

በየሁለት ቀኑ ለሚያጥብ ቤተሰብ ከ20 እስከ 24 ጠፍጣፋ ጨርቅና አምስት ወይም ስድስት ሽፋን ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመግዛት በፊት ሦስት አራቱን መሞከር ይመረጣል፤ የልጆች ጭን ውፍረት እጅግ የተለያየ በመሆኑ ለአንዱ ልክ የሆነው ለሌላው ያፈሳል።

ልጁ ወንድ ሲሆን

የሴት ልጅ ሽንት በአብዛኛው የጨርቁን መሐል ሲያርስ፣ የወንዱ የፊተኛውን ክፍል ያርሳል። ስለዚህ ጨርቁ ሲታጠፍ ድርቡ ወደ ፊት መብዛት አለበት። ባለ ኪሱ ከሆነ መጣጩ ወደ ፊት ተጎትቶ ጫፉ ይታጠፋል። ከመታሰሩ በፊት የልጁ ብልት ወደ ታች መመለሱን ማየት ያስፈልጋል፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ከቀረ ሽንቱ በወገቡ በኩል ይወጣና ልብሱንም አልጋውንም ያረጥባል። ጨርቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይህን ስሕተት አይሸፍንም። ወገቡ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት በቂ ነው። በጭኑ ላይ ሰንበር የሚተው ከሆነ ጠብቋል ማለት ነው።

እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ የፊቱ ክፍል ከእምብርቱ በታች ይታጠፋል። ሽንት የነካው እትብት ለኢንፌክሽን ይጋለጣልና።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችና በቤተ እስራኤል ዘንድ ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ዕድሜው እንደየአካባቢው ይለያያል። ቁስሉ እስኪድን ባሉት ቀናት ጨርቁ ቶሎ ቶሎ መለወጥና ላላ ብሎ መታሰር አለበት። ቁስሉ ከጨርቁ ጋር እንዳይጣበቅ ቫዝሊን እንዲቀባ በባለሙያ ከታዘዘ፣ ቅባቱ መጣጩን ስለሚደፍነው በመካከል ስስ ንጹሕ ጨርቅ ማኖር ይበጃል። በቁስሉ ላይ የሚታየው ቢጫማ ስስ ሽፋን የመዳን ምልክት ነው፤ ማሻሸት አያስፈልግም። ደም አልቆም ካለ፣ መቅላቱና እብጠቱ እየተስፋፋ ከሄደ ወይም ልጁ ለ12 ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና ግን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያሻል። ባልተገረዘ ሕፃን ደግሞ ሸለፈቱን ለማጽዳት ብሎ በግድ ወደ ኋላ መጎተት ጉዳት ያስከትላል፤ ውጪውን በውሃ ማጠብ ይበቃል።

ወንዶች ልጆችን የሚመለከት አንድ ጥናት ደጋግሞ ይነሣል። እ.አ.አ. በ2000 ጀርመናውያን ሐኪሞች በ48 ጤነኛ ወንዶች ልጆች ላይ ባደረጉት ልኬት፣ ፕላስቲክ ለበስ ተጣይ ዳይፐር ሲለብሱ የቆለጥ ከረጢታቸው ሙቀት የጥጥ ጨርቅ ሲለብሱ ከሚኖረው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አንዳንድ ሻጮች ከዚህ ተነሥተው ተጣይ ዳይፐር መካን ያደርጋል እስከማለት ይደርሳሉ። ጥናቱ ግን የለካው ሙቀትን እንጂ እነዚያ ልጆች አድገው መውለድ አለመውለዳቸውን አይደለም። ደግሞም የጥጥ ጨርቅ አየር በማያስገባ ወፍራም የፕላስቲክ ሱሪ ከተሸፈነ እርሱም ሙቀት ያፍናል። በቆላማ አካባቢዎች፣ በጅቡቲም ሆነ በሞምባሳ፣ ልጁን ቀን ቀን ያለ ሽፋን በጨርቅ ብቻ ማቆየት ለቆዳው እፎይታ ነው።

ሳፋው

“የሕፃን ዓይነ ምድር አይጎዳም” የሚለው አባባል በብዙ ቤት ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። በውስጡ የተቅማጥ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሊኖሩ ይችላሉ። በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት የወሰደ ልጅም በክትባቱ ውስጥ ያለውን የተዳከመ ቫይረስ ለሳምንታት በዓይነ ምድሩ ያስወጣል። ስለዚህ ዓይነ ምድሩ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ይደፋል፣ እጅም በሳሙና ይታጠባል። ጨርቁን በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ማጠብ በታችኛው መንደር ያለውን ሰው ይጎዳል።

ያደፈው ጨርቅ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ ቢቆይ ይሻላል። ለቀናት መዘፍዘፍ ሽታውን ያብሳል፣ ላስቲኩን ያላላል፤ መዳኽ ለጀመረ ልጅም ውሃ የያዘ ባልዲ የመስጠም አደጋ ነው። በማጠቢያው ቀን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በመጠነኛ የዱቄት ሳሙና ይታሻል፤ በመጨረሻም ውሃው አረፋ መያዝ እስኪያቆም ይጠራል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጨርቁ እንዲጸዳ ብሎ ሳሙና ያበዛል፣ ውሃ ለመቆጠብ ብሎ ማጥራቱን ያሳጥራል። በጨርቁ ውስጥ የቀረው ሳሙና የልጁን ቆዳ ያቃጥላል፣ ጨርቁም ሽንት እንዳይመጥ ያደርገዋል። ልብስ ማለስለሻ ፈሳሽም እንዲሁ። በረኪና አዘውትሮ መጠቀም ጥጡን ያሳሳል፣ ሽፋኑንም ያበላሻል።

ውሃ ሲያጥር ለመጨረሻ ጊዜ ያጠራው ውሃ ተቀምጦ ለሚቀጥለው እጥበት መጀመሪያ መለቅለቂያ ወይም ለመጸዳጃ ቤት ሊውል ይችላል። የመጀመሪያው ቆሻሻ ውሃ ግን ጎመን አይጠጣበትም። ውሃ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር በጨርቅ ብቻ እዘልቃለሁ ማለት ግን ይከብዳል። በደንብ ካልታጠበ ጨርቅ ተጣዩ ይሻላል።

ፀሐይ ያደርቃል፣ ነጠብጣብ ያነጣል፣ ጀርሞችንም ይቀንሳል። በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያ ሞቃትና እርጥብ አካባቢዎች ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማንጎ ዝንብ ወይም ቱምቡ ዝንብ የምትባለው ውጪ በተሰጣ እርጥብ ጨርቅ ላይ እንቁላል ትጥላለች። የሚፈለፈለው እጭ የልጁን ቆዳ ሰርስሮ ገብቶ እባጭ የሚመስል ቁስል ያወጣል። በእነዚህ አካባቢዎች ጨርቁን በሁለቱም ገጽ በደንብ በጋለ ካውያ መተኮስ ወይም ቤት ውስጥ ማድረቅ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ጨርቅ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ሊቆይ ስለሚችል ቁጥሩን በግማሽ ያህል መጨመር ያስፈልጋል።

የጨርቅ ዳይፐር ሽንትን እንደ ተጣዩ ወደ ጄል አይለውጥም። በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ዓይነ ምድር ሲኖር ደግሞ ወዲያው መለወጥ አለበት። ቀላል መቅላት ቆዳውን አድርቆና አናፍሶ በማቆየት ይሻላል። መቅላቱ በቆዳ እጥፋት ውስጥ ገብቶ በዙሪያው ትናንሽ ቀያይ ነጥቦች ካወጣ የፈንገስ ምልክት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ማየት ይኖርበታል፤ በዚያን ጊዜ የጥጥ ጨርቆቹን መቀቀል ይበጃል። ቅቤ መቀባት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

ለአካባቢስ?

ሩዋንዳ እ.አ.አ. በ2008፣ ኬንያ በ2017 የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክለዋል። ፕላስቲክ ያለበት ዳይፐር ግን በሁለቱም አገሮች እንደ ልብ ይሸጣል። ሆኖም “ጨርቅ ሁልጊዜ ለምድር ይሻላል” የሚለው እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። እ.አ.አ. በ2008 በብሪታኒያ ይፋ የሆነ የመንግሥት ጥናት በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ተጣዩ 550 ኪሎ ግራም፣ ጨርቁ 570 ኪሎ ግራም ገደማ የካርቦን ልቀት እንደሚያስከትሉ አስልቷል። ልዩነቱን የሚፈጥረው አስተጣጠቡ ነበር፤ በገመድ ላይ ማስጣት፣ ማሽኑን ሞልቶ ማጠብና ያንኑ ጨርቅ ለሁለተኛ ልጅ መጠቀም የጨርቁን ልቀት በ200 ኪሎ ግራም ያህል ይቀንሰዋል። በ2023 የወጣው የአገሪቱ አዲስ ጥናት ደግሞ ጨርቁን በ25 በመቶ የተሻለ አድርጎታል። በምሥራቅ አፍሪካ ልብስ በኤሌክትሪክ ማድረቂያ የሚያደርቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ውሃውን በከሰል የሚያሞቅ ቤት ግን ያንን ብልጫ ከፊሉን መልሶ ያቃጥለዋል።

የማን እጅ?

በገንዘብ የተቆጠበው በጉልበት ይከፈላል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት፣ ለአባት ደግሞ ሦስት ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሳፋው አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ ይጠቁማል፤ እናቲቱ ወደ ሥራ ስትመለስ ደግሞ ሥራው ብዙውን ጊዜ ወደ አያት ወይም ወደ ቤት ሠራተኛ ይዞራል። ጨርቅ ለመግዛት የወሰነ ቤተሰብ የሚያጥበውን ሰው ከግዢው በፊት ቢያማክር፣ ለቤት ሠራተኛዋም የተጨመረውን ሥራ በደመወዟ ቢያስብላት ተገቢ ነው። ብዙዎች የሚያዋጣቸው መካከለኛ መንገድ ቀን በቤት ጨርቅ፣ ሌሊትና በጉዞ ተጣይ መጠቀም ነው።

የሚታጠበውን ቁጥር የሚቀንስ ሌላም መንገድ አለ። እ.አ.አ. በ1977 በአንድ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በኬንያ ጠረፍ የሚኖሩ የዲጎ እናቶች ልጆቻቸውን ገና በሳምንታት ዕድሜያቸው በጭናቸው ላይ ይዘው በድምፅ ምልክት እንዲሸኑ እንደሚያለማምዱ መዝግቧል። ከእንቅልፉ እንደነቃና ጡት እንደጠባ ልጁን “ሽሽሽ” እያሉ ማሸናት በኢትዮጵያም ብዙ አያቶች የሚያውቁት ልማድ ነው። ወንድ ልጅ እርቃኑን ሲሆን ነፋስ ሲነካው ሽንቱን መልቀቁ የተለመደ በመሆኑ፣ ዳይፐሩ በተፈታበት ቅጽበት ፖፖውን ማቅረብ በቀን ሁለት ሦስት ጨርቅ ያተርፋል።