የአጋም አበባ

«ካጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ተረት ምክንያት የአጋም ስም ከእሾሁ ጋራ ብቻ ሲነሣ ይኖራል እንጂ፥ ስለ አበባው መዓዛ የሚናገርለት ብዙ አይደለም። አጋሙ ራሱ ሲቆረጥ እንደ ቁልቋሉ ነጭ ወተት እንደሚያነባም ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር፥ ቡሬም 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ይህ ወይና ደጋ ለአጋም ተስማሚ ነው። አበባው ከውስጥ ነጭ፥ ከውጭ ቀላ ያለ ሲሆን፥ ሽታው የጠንበለልን ይመስላል። ቅጠሉ በጋ ከክረምት ለምለም ነው። አበባውን ንብ ይቀስመዋል፤ ፍሬውንም ቀልቶ ቆይቶ ሲጠቁር እረኛ ይለቅመዋል። የዕፀዋት ሊቃውንት ቀድሞ ካሪሳ ኤዱሊስ ይሉት ነበር፤ ኤዱሊስ በላቲን «የሚበላ» ማለት ነው። ዛሬ የሚጠሩት ካሪሳ ስፒናሩም ብለው ነው፤ ይህኛው ስም ደግሞ እሾሁን ያነሣል።

ወደነዚህ ከተሞች ተመድበው የሚሄዱ አንዳንድ ወጣቶች ግን ግቢያቸውን ለማስዋብ ሲያስቡ፥ አስቀድመው አጋሙን አስመንጥረው ከሩቅ የመጣ አበባ ይፈልጋሉ። በገጠሩም እርሻው ወሰኑን ሲገፋ፥ ባሕር ዛፉ ሲስፋፋ፥ ሥሩም ለመድኃኒትና ለጭስ ሲማስ አጋም ይመናመናል። ቅርንጫፉ ቢቆረጥ ያቈጠቍጣል፤ ሥሩ ተምሶ የተወሰደ ግን በምን ያቈጠቍጣል?

አጋምን ማልማት አያስቸግርም። በሚገባ የጠቆረውን ፍሬ ለቅሞ፥ ሥጋውን አጥቦ፥ ዘሩን ትኩስ ሳለ በጥላ ሥር በለሰለሰ መደብ መዝራት ነው፤ ብዙ የቆየ ዘር የመብቀል ኀይሉ ይደክማልና። ክረምት ገብቶ ዝናቡ መሬቱን ሲያጠግብ፥ ለአጥር የሚሆነውን ችግኝ ግማሽ ሜትር ያህል እያራራቁ መትከል ይበቃል። እሾሁ ሕፃናትን እንዳይወጋ ከመተላለፊያ ራቅ ማድረግ፥ እስኪጠናም ከፍየል መጠበቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕድገቱ ዝግ ያለ ነውና ትዕግሥት ይሻል።

አበባው የሚወጣው በቅርንጫፉ ጫፍ ስለ ሆነ፥ ዘወትር በመቀስ የሚላጭ አጋም አጥር ይሆናል እንጂ ግቢውን አያውድም። ስለዚህ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ብቻ መከርከም ይሻላል።

እንግዲህ እኛ የምንለው ይህን ነው፤ ተማሪው በትምህርት ቤቱ፥ ሹሙም በመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ዐሥር ዐሥር ችግኝ ቢተክሉ፥ ከእርሻ ዳር የተባረረው አጋም መጠጊያ ያገኛል። ሹሙ ወደ ሌላ አገር ቢዛወር እንኳ፥ አጥሩ ለተተኪው አብቦ ይጠብቀዋል።