ሄድሴት ሲገዙ ከመብራቱ በፊት ማይኩን ይዩ

ከፋርጣ ድንች ገዝቶ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ዋጋ የሚቆርጠው በስልክ ነው። ተቀባዩ «ሃያ ስድስት» ያለውን «ሃያ ሰባት» ብሎ ሰምቶ ቢጭን ልዩነቱ በኪሎ 1 ብር ነው፤ 50 ኩንታል በጫነ አይሱዙ ላይ ግን 5,000 ብር ይሆናል። በደብረ ታቦር ስለ ኮምፒዩተር ሄድሴት ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ነጋዴ ካለ ሒሳቡን ከዚህ ይጀምር።

የአማርኛ ቁጥር ለስልክ አይመችም። ሦስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ ሁሉም የሚጀምሩት በ«ስ» ድምፅ ነው። የተለመደው የስልክ ጥሪ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ የ«ስ» ፉጨት አብዛኛው ጉልበቱ ከዚያ በላይ ስለሆነ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰሚው ቁጥሩን የሚለየው በቀረው የቃሉ ክፍል ነው። ያንንም የባጃጅ ጡሩንባና የገበያ ጫጫታ ከሸፈነው ግምት ይጀመራል። ከአፍ ሁለት ጣት ያህል ርቆ የሚቆም ማይክ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ የተናጋሪው ድምፅ ከአካባቢው ጫጫታ እጅግ ጎልቶ ይገባለታል። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» ለዘፈንና ለጨዋታ ካልሆነ ለተራ የስልክ ጥሪ የሚጨምረው ነገር የለም።

ዕቃው ከውጭ የሚገባ እንደመሆኑ ዋጋው ምንዛሪን ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ፋብሪካው በ10 ዶላር የሚሸጠው ሄድሴት፣ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና ማጓጓዣ ሳይታሰብ፣ ከ570 ብር ወደ 1,000 ብር በላይ ዘለለ ማለት ነው። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ማወቅ ይኖርበታል።

በርካሽ ዕቃ ላይ ብዙው ገንዘብ የሚባክነው በመብራት ነው። «የጌም» የሚባሉት ባለ ቀለም ሄድሴቶች ብዙዎቹ ሁለት ዓይነት መሰኪያ አላቸው። ገዢው ዩኤስቢውን አይቶ ዘመናዊ ነው ይላል፤ ዩኤስቢው ግን መብራቱን ከማብራት ሌላ ሥራ የለውም፣ ድምፁ የሚያልፈው በቀጭኗ 3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ነው። «7.1» የሚለውም ጽሑፍ ቢሆን በዚህ ዋጋ በሶፍትዌር የተመሰለ ነው፤ ድምፅ ማውጫዎቹ ያው ሁለቱ ናቸው።

ቀጭኗን መሰኪያ ሲያዩ ቀለበቶቹን ይቁጠሩ። ሦስት ቀለበት ካላት ማዳመጫውንም ማይኩንም ትይዛለች፤ ባለ አንድ ቀዳዳ ላፕቶፕ፣ ቀዳዳ ያለው ስልክ፣ የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 መቆጣጠሪያ ሁሉ ይቀበሏታል። ቀን አባት የሚነግድበት ሄድሴት ማታ ለልጁ ኳስ ጨዋታ ይሆናል። አረንጓዴና ሮዝ ሁለት ቀዳዳ ላለው ዴስክቶፕ ማከፋፈያ ገመድ ያስፈልጋል። የራሱ የድምፅ ካርድ ያለው እውነተኛ የዩኤስቢ ሄድሴት ለኮምፒዩተር የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ንግዱ ወደ ተራ ስልክ ተመልሶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ከስልኩም ጋር የሚሠራውን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ብሉቱዝን በተመለከተ ይህ ጸሐፊ ብዙም አያበረታታም። በርካሾቹ ላይ ማይኩ ሲከፈት የሚሰማው ድምፅም አብሮ ወደ ስልክ ጥራት ይወርዳል፣ በጨዋታ ጊዜ ተኩሱ ከምስሉ ይዘገያል፣ መብራት በጠፋ ቀንም ባትሪው ጣጣ ነው።

ሻጮች ራሳቸው የሚያምታቷቸው ሁለት ጽሑፎችም አሉ። «ኤኤንሲ» ለባለቤቱ ጆሮ የሚመጣውን ጫጫታ ይቀንሳል። «ኢኤንሲ» ደግሞ በማይኩ ገብቶ ወደ ወዲያኛው ሰው የሚሄደውን ነው። ለደላላ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ስልክዎን ወይም ላፕቶፕዎን ይዘው ይሂዱ። ከሱቁ ደጃፍ፣ ባጃጅ ከሚያልፍበት ቆመው መቅረጫውን ይክፈቱና «ስልሳ፣ ሰባ፣ ስድስት፣ ሰባት» እያሉ ይቅረጹ፤ ከዚያ ለሌላ ሰው ያሰሙት። እየቀረጹ ገመዱን ከመሰኪያው ሥር ወዲያና ወዲህ ያጥፉት። ድምፁ ከተቆራረጠ ያ ዕቃ ብዙ አይከርምም።

መርካቶ በጥቂት መቶ ብር ይረክስ ይሆናል። ከዚያ የመጣ ዕቃ ሲበላሽ ግን በወረታና በባሕር ዳር አድርጎ መልሶ የሚልከውና የሚሟገተው ገዢው ነው። እዚሁ ደብረ ታቦር ከሚያውቁት ሱቅ፣ ደረሰኝ ላይ የመለወጫ ቀን አስጽፈው ቢገዙ ልዩነቱን ይመልሳል።