አያቴ ራሷን ያላወቀችበት ፎቶ

ቆቦ ላይ በእኩለ ቀን ፎቶ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? ፀሐዩ አናት ይበሳል። የሰው ዓይን በጥላ ተሸፍኖ ጉድጓድ ይመስላል፤ ሰማዩ ደግሞ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ፎቶ ማንሳት የተማርነው ከዚህ ፀሐይ ጋር እየታገልን ነው። አስተማሪ የለን፣ ካሜራ የለን፤ ያለን ስክሪናቸው የተሰነጠቀ ስልኮችና አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሰኞ ሰኞ ተራ የደረሰው ሰው ርዕስ ይሰጣል። እስከ እሁድ ማታ እያንዳንዳችን አንድ ፎቶ እንልካለን፤ ኤዲት ሳይደረግና ከተደረገ በኋላ፣ ጎን ለጎን። የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል። "አሪፍ ነው" ብሎ ማለፍ ክልክል ነው። ምኑ እንዳማረ፣ ምኑ እንደጎደለ መናገር ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው ርዕስ "ጥላ" ነበር። አንዱ ጓደኛችን ጠዋት ፀሐይዋ ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ ስትል፣ ማሽላ ማሳ ዳር የቆመ ግመል አንስቶ መጣ። ግመሉ ጥቁር፣ ሰማዩ ብርቱካናማ። ምስጢሩን ስንጠይቀው ሳቀብን። ሰማዩን በጣቱ ነክቶ፣ ስክሪኑ ላይ የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች መሳብ ብቻ ነበር። ትንሽ የጨለመ ፎቶ ኤዲት ሲደረግ ይነቃል፤ በብርሃን የተቃጠለ ሰማይ ግን ምንም ስላልያዘ አይመለስም። ይህን ያወቅነው ያን ቀን ነው።

"ቢጫ" በተባለው ሳምንት ደግሞ ሁላችንም ጀሪካን ላክን! ከዚያ አንዷ የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች አሳየችን። አይዳ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች ኢትዮጵያዊት ፎቶ አንሺ ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. የውሃን ጉዳይ ይዛ አፋር፣ ዳሎል ላይ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ባዶ መሬት፣ ጥቂት ደማቅ ቀለማትና ሰው ናቸው። እኛ ግን ጀሪካኑን ከሰልፉ፣ ከጋሪው፣ ከሱቁ ጋር ነበር የጨመቅነው። በድጋሚ ስንሞክር አንዱን ጀሪካን ብቻ ጭቃ ግድግዳ ሥር አስቀመጥነው። ያው ጀሪካን ሌላ ነገር ሆነ።

እኔን ያስተማረኝ ግን "ፊት" ነው።

አያቴን በር ላይ አስቀምጬ አነሳኋት። ቤት ውስጥ ጨለማ፣ ደጅ ብርሃን፤ በሩ ላይ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ጥሩ ፎቶ ነበር። ከዚያ ኤዲት ጀመርኩ። በፊልተር ሽብሽቧን አለሰለስኩ። አላበቃሁም፤ ዘመናዊ እንድትመስል ብዬ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ነጥብ በነጥብ በጣቴ እያሸሁ አጠፋሁት። ኩራት እየተሰማኝ አሳየኋት።

"ይቺ ማናት?" አለችኝ።

"አንቺ ነሻ!"

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ እጇ አንገቷን ዳበሰ። "ልጄ፣ ይሄን እኮ የነቀሰችኝ እናቴ ናት። ምን አደረግኩህና አጠፋኸው?"

መልስ አልነበረኝም።

ማታ ኦሪጅናሉን ከፍቼ እንደገና ሠራሁት። ስናፕሲድ በነፃ የሚገኝ አፕ ነው፤ "ሴሌክቲቭ" በሚለው ፊቷን ብቻ ትንሽ አበራሁ፣ ከኋላዋ ያለውን ጨለማ አልነካሁም። ሽብሽቡም ንቅሳቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። ለግሩፑ ከመላኬ በፊት ለእሷ አሳየኋት። ብዙ አላወራችም፤ "እንዲህ ነዋ" ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ያን ሳምንት ተሸንፌ ሻይ ጋበዝኩ። ግን ሁለት አዲስ ሕግ አስገባሁ፦ ብርሃኑን እንጂ ሰውየውን ኤዲት አናደርግም፤ የሰው ፎቶ ባለቤቱ አይቶ እሺ ሳይል አይለቀቅም። ሁሉም ተስማሙ።

እናንተም ሁለት ሦስት ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ጀምሩ። መጀመሪያ የካሜራውን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ግማሹ ችግር እዚያ ነው። ርዕስ ከቸገራችሁ ደግሞ እኔ ልስጣችሁ፦ "በር"።