እንግዳ የሚጠበቅበት ሥፍራ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ከሩቅ የሚመጣን ዘመድ ወጥቶ መቀበል የቆየ ልማድ ነው። መንገደኛው በእግር ወይም በበቅሎ በሚመጣበት ዘመን ቤተ ዘመድ እስከ ወንዙ ወርዶ፥ ወይም እስከ አቀበቱ ራስ ወጥቶ ይጠብቀው ነበር። መሻገሪያው አንድ፥ መንገዱም የታወቀ ስለ ነበረ ተቀባይና መጪ የሚተላለፉበት ምክንያት እምብዛም አልነበረም። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔምም የድጓ ምስክር ቤት በመሆኗ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ከየአገሩ የሚመጣውን ተማሪ ስትቀበል የኖረች ደብር ናት።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። የዚሁ አገር ልጆች ለሥራም ሆነ ለትምህርት ወደ ዓረብ አገሮች፥ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም የሚወርዱት ከአውሮፕላን ነው። በገጠር የኖሩ እናትና አባት ልጃቸውን ለመቀበል እስከ ባሕር ዳር፥ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ ይጓዛሉ። እዚያ ደርሰው የት እንደሚቆሙ አስቀድመው ካላወቁ ግን ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩን ቤተ ሰብ ሁሉ ሊረዳው በሚገባ አኳኋን ለመግለጽ እንወዳለን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገበት ጊዜ፥ የአዲስ አበባ ማረፊያ ሜዳ ልደታ ነበር፤ መንገደኛውም ጥቂት ነበር። ኋላ የጄት አውሮፕላኖች ረጅም ሜዳ ስለሚሹ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ተዛወረ። በጥር 1995 ዓ.ም. አዲሱ የመንገደኞች ሕንፃ ተመረቀ፤ ይኸው ሕንፃ በጥር 2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ለማስተናገድ የሚበቃ ሆነ። እንግዲህ እንዲህ ባለ ሥፍራ «በሩ ላይ እንገናኝ» ማለት «ገበያ ውስጥ እንገናኝ» እንደ ማለት ነው።

በቦሌ የጉዞ ትኬት የሌለው ሰው እንደ ልቡ ወደ ሕንፃው አይገባም። ተቀባይ ሁሉ የሚጠብቀው በውጭ፥ ይበልጡንም በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው። መንገደኛው ዕቃውን እየገፋ ወደዚያ ይወጣል። ስለዚህ ተቀባዩ እንደ ደረሰ በመጀመሪያ የጥበቃ ሠራተኛውን ጠይቆ ከውጭ አገር የሚመጡት በየት በኩል እንደሚወጡ መረዳት አለበት፤ የአገር ውስጥና የውጭ አገር መንገደኞች መውጫቸው የተለያየ ነውና።

ተቀባይ ደግሞ ሊያውቀው የሚገባው ሌላ ነገር አለ። አውሮፕላኑ አረፈ ማለት መንገደኛው ወጣ ማለት አይደለም። ከወረደ በኋላ የፓስፖርት ምርመራ አለበት፤ ሻንጣውን ይጠብቃል፤ በጉምሩክ በኩል ያልፋል። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት፥ ብዙ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ባረፈበት ሌሊትም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መካከል «ሳትመጣ ቀረች» ብሎ በመደናገጥ ከቦታ ቦታ መዘዋወር ወይም ትቶ መሄድ የብዙዎች ስሕተት ነው። ከቤተ ሰቡ አንዱ፥ በተለይም አረጋዊው፥ ከተስማሙበት ቦታ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥ፤ መፈለግ ካስፈለገ ወጣቱ ይዘዋወር። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ሌሊቱ ይበርዳልና እናቶች ጋቢ ሳይዙ አይውጡ።

ከሁሉ ይልቅ ቤተ ሰብን የሚያሳስተው ግን የሰዓቱና የቀኑ አቈጣጠር ነው። በትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። 07:00 ሲል ከጠዋቱ 1 ሰዓት፥ 20:15 ሲል ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ከዚህም የሚከፋው እኩለ ሌሊት ያለፈው ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለ ሆነ። ለምሳሌ ትኬቱ «ጃንዋሪ 7፥ 00:40» ይላል እንበል። ጃንዋሪ 7 የገና ዕለት ነው። ቤተ ሰቡ ይህን አይቶ በዓሉን አክብሮ፥ ማታ ተነሥቶ ቢሄድ፥ ልጅቱ ከደረሰች ሙሉ ቀን አልፏታል። እውነተኛው ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40፥ ይኸውም ለገና አጥቢያ፥ ሕዝቡ ለቅዳሴው በቤተ ክርስቲያን በተሰበሰበበት ሌሊት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ከመጪው ሲቀበሉ «ለማን አጥቢያ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በትኬቱ ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት የመነሻው አገር፥ የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የአዲስ አበባ መሆኑም አይዘንጋ። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ ግን በ1 ሰዓት ትቀድመናለች።

መጪው ሰው ስልክ ስላለው በዚያ ይገናኛል ብሎ መታመንም አይበቃም። በውጭ አገር የሚሠራበት የስልክ ቍጥር እዚህ ላይሠራ፥ ባትሪውም ሊያልቅ ይችላል። በቤት ሠራተኝነት ከሄዱት ልጆቻችን መካከልም ስልካቸውንና ልብሳቸውን እንኳ ሳይዙ የሚመለሱ አሉ። ከኅዳር እስከ መጋቢት 2006 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ መቼ እንደሚሳፈሩ ራሳቸው አስቀድመው አያውቁም ነበር፤ ከቦሌም ወጥተው በጊዜያዊ ማረፊያዎች ያደሩ ነበሩ። እንደዚህ ያለችውን ልጅ በየትኛው በር ቆሞ መጠበቅ ይቻላል?

ለእንደዚህ ያለው ጊዜ የሚበጀው ሥርዓት ገና ከቤት ሳትወጣ መደረግ ያለበት ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ የታመነ ዘመድ ተመርጦ፥ የሰፈሩ ስምና የማይለወጥ የስልክ ቍጥሩ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣት፤ ቍጥሩን በቃሏም ትያዘው። ስልኳ ቢወሰድ ቃሏ አይወሰድባትም። ከሰው ስልክ ለምና የምትደውለው፥ መኪና ተሳፍራም የምትሄደው ወደዚያ ነው። ይህ ሲሆን ከሌሊቱ በየትኛውም ሰዓት ብትደርስ፥ «ዘመድሽ ነኝ፤ ላድርስሽ» ለሚላት የማታውቀው ሰው አትጋለጥም። እንግዲህ መቀበያ ሥፍራ የሚባለው ተቀባዩ የቆመበት ብቻ አይደለም፤ መጪው ሰው ያለ ማንም እርዳታ ሊያስታውሰው የሚችለው ሥፍራ ነው።

ወደ ባሕር ዳር በረራ ቀጥሎ ለሚመጣ ሰው ነገሩ ይቀላል፤ ማረፊያው እንደ ቦሌ ሰፊ አይደለምና። ሆኖም ከዓርብ ገበያ፥ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ በወረታ በኩል ባሕር ዳር ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ ጸጥታው በታወከበት ጊዜም መንገዱ ይዘጋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ራሱ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ቤተ ሰብ ሁለተኛ ሥፍራ ይወስን፤ ይኸውም «መንገዱ ቢዘጋ እገሌ ቤት ቆይ» የሚል ቃል አስቀድሞ ይኑር። አረጋውያንንም በአጠራጣሪ መንገድ ከማስወጣት ይልቅ በከተማው ያለ ወጣት ዘመድ እንዲቀበል ማድረግ ይሻላል።

እናት ልጇን ለማየት መቸኰሏ የተፈጥሮ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ለዓመታት የተለየች ልጅ በሌሊት ከበሩ ስትወጣ ዓይኗ የሚፈልገው አንድ የምታውቀውን ፊት ነው። ያ ፊት በተባለው ቦታ፥ በተባለው ሌሊት እንዲገኝ፥ ሰዓቱን፣ አጥቢያውን፣ የመቆሚያውን ቦታና ሁለተኛውን ሥፍራ በአንዲት ወረቀት ጽፎ ለመጪውም ለተቀባዩም ቀደም ብሎ ማድረስ ይገባል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ቢሆኑ የጎረቤት ተማሪ ያንብብላቸው፤ እስኪይዙትም ድረስ ደጋግሞ ያስረዳቸው።